ከረሜላው ማንን አስተማረ?

ልጅ ሱቅ ውስጥ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ አለቀሰ፤ እናት ሰው አፍራ ገዛችለት። ለቅሶው ቆመ። እዚህ ላይ የተማሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ልጁ ማልቀስ ከረሜላ እንደሚያስገኝ፣ እናት ደግሞ መግዛት ጩኸት እንደሚያስቆም ተማሩ። የባህርይ ተንታኞች ሁለቱንም ውጤቶች ማጠናከሪያ ይሏቸዋል፦ ለልጁ የሚወደው ነገር ስለተጨመረለት አዎንታዊ፣ ለእናት የሚረብሻት ነገር ስለተወገደላት አሉታዊ። አሉታዊ ቢባልም ቅጣት አይደለም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥና እንድትገዛ ያደርጋታል።

ቅጣት ድርጊትን የሚቀንስ ውጤት ነው። ቁጣውም ቁንጥጫውም ድርጊቱን ካልቀነሰው በዚህ ሳይንስ ቅጣት አይባልም። መቼም ይህ ለብዙ ወላጅ ቶሎ የሚዋጥ አይደለም!

ማጠናከሪያን በእንስሳት ላይ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ የአይጦች ሙከራዎቹን ዘርዝሯል። አንድ ዘንግ ስትጫን ምግብ የምታገኝ አይጥ መጫኑን ታዘወትራለች። ምግቡ ከተቋረጠ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አብዝታ ትጫናለች፣ ኋላ ግን ትተዋለች። የሚገርመው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ምግብ ስታገኝ የቆየችው ናት፤ ሁልጊዜ ካገኘችው ይልቅ ተስፋ ሳትቆርጥ ብዙ ትቆያለች። የቁማር ማሽንም ደንበኛውን የሚይዘው እንዲሁ አልፎ አልፎ እየከፈለ ነው።