ስለ ለምለም ቅዳሜ ቄጠማ

(ለደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጸደይ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው የመስከረምን አደይ አበባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቍጥር ግን ያ ወራት የክረምት መውጫና የመፀው መግቢያ ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን፤ የሚወጣውም ሰኔ 25 ቀን ነው። በእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም በሚነገረው በባሕረ ሐሳብ ደግሞ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። እንግዲህ በነዚህ 35 ዕለታት መካከል ወዲያና ወዲህ ቢመላለስም፤ የትንሣኤ በዓል ከጸደይ ደጅ የሚወጣበት ዘመን የለም።

ከበዓሉ ዕለታት መካከል ልምላሜን በስሙ የያዘ አንድ ዕለት አለ፤ ይኸውም የትንሣኤ ዋዜማ የሆነው ቅዳም ሥዑር ነው። ሥዑር ማለት የተሻረ ማለት ነው። ስለ ምን ተሻረ ቢሉ፤ ቅዳሜ እንደ እሑድ ሰንበት ስለ ሆነ ከእህል ከውኃ አይጾምበትም፤ በዚህ ዕለት ግን ጌታ በመቃብር አድሯልና ይጾማል፤ ስለዚህ የቅዳሜ ልማድ ተሻረ ተባለ። ለምለም መባሉስ ስለ ምን ቢሉ፤ ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ለሕዝቡ ያድሉበታልና። ርግብ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ የጥፋት ውኃ መጕደሉን ለኖኅ እንደ ነገረች፤ ካህናቱም ቄጠማ ይዘው ሰላም መሆኑን ለየቤቱ ይነግራሉ።

የዚህች ደብር አረጋውያን ስለ ልጅነታቸው ፋሲካ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚያነሡት የዶሮውን ወጥና ድፎውን ዳቦ አይደለም፤ በእጃቸው የሠሩትን ነው። በሆሣዕና ዘንባባውን ሰንጥቀው ቀለበት ይሠሩና በጣታቸው አጥልቀው የማን ያምራል እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። በሰሙነ ሕማማት መስቀል ለመሳለም ወደ ካህኑ ሲሮጡ ካህኑ መስቀሉን አይሰጣቸውም፤ እናቶቻቸውም ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቶታልና በዚህ ሳምንት መሳሳም የለም ይሏቸው ነበር። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ባቄላውንና ስንዴውን ይለቅማሉ። በስቅለት ከአዋቂ ጋር ሲሰግዱ ውለው ጕልበታቸውን እያሹ ወደ ካህኑ ይቀርባሉ፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ሌላ ስግደት ያዝዛቸዋል። ልጅ አስቀድሞ ስግደቱን ይቈጥራል፤ ምክንያቱን የሚጠይቀው ከቈጠረ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ግን የልጆቹ ቀን ነበረ። ገና ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ የበልጉ ዝናም ካለመለመው ረግረግ ቄጠማውን አጭደው፤ ጠሉ በትከሻቸው ላይ እየተንጠባጠበ ለቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። ካህኑ ከባረከው በኋላ ዲያቆኑ ቃጭል እያቃጨለ ቤት ለቤት ሲዞር ነዶውን ተሸክመው የሚከተሉ እነርሱ ናቸው። ባለቤቱ ቄጠማውን ተቀብሎ በራሱ ላይ ያስራል፤ እንደ አቅሙም ይሰጣል።

ከነዚያ አረጋውያን አንዱ ስለ አባታቸው ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ። አባትየው ከጎረቤታቸው ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው 2 ዓመት ያህል ሰላምታ አልነበራቸውም። በለምለም ቅዳሜ ካህኑ ከደጃፋቸው ደርሰው አንዱን እስር ቄጠማ ለሁለት ከፈሉና እኩሌታውን ለአባትየው ሰጡ፤ የቀረውን ለልጁ አስይዘው፤ «ይህን ለጎረቤታችሁ አድርስ፤ ከአባቴ እጅ የተከፈለ ነው በል» አሉት። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አየ። አባትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ በኋላም ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጁ ፊት ቀድመው ወጡ። የድንበሩ ነገር በሽማግሎች እጅ እስኪያልቅ ብዙ ቀን ወስዷል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ዶሮ ሲጮኽ ሁለቱ ቤተ ሰብ በአንድ ገበታ ፈሰኩ። እኒህ አረጋዊ የዚያን ሌሊት ምን እንደ በሉ ረስተዋል፤ ያንን እኩሌታ ቄጠማ መያዛቸውን ግን አልረሱም።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን አሳምሮ ወርቁን ቢያጣ መምህሩ «ገና ነህ» ብሎ ይመልሰዋል። የዚህ ዕለት ሰሙ ቄጠማ ነው፤ ወርቁ ሰላም ነው። ዛሬ በከተማ ቄጠማው ከገበያ ይገዛል፤ ደጁም በብረት በር ተዘግቶ የቃጭሉ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ ቄጠማውን የሚያውቀው ከቡና ረከቦት በታች ተጐዝጕዞ ነውና የቤት ጌጥ ይመስለዋል። ስለዚህ ልጅን መውቀስ አይገባም፤ ማጭዱንም ነዶውንም ያልሰጠው ሰው ማስታወሱን ሊጠይቀው አይችልምና። በእጅ ያልተያዘ በዓል በልብ አይቀመጥም።

እንግዲህ የሚመጣው ለምለም ቅዳሜ ሲደርስ፤ ከገበያም የተገዛ ቢሆን ነዶውን ለልጆች አሸክሙ፤ ወደ ጎረቤትም በእነርሱ እጅ ላኩ። ቄጠማውንም በራሳችሁ ከማሰራችሁ በፊት፤ ቂም የያዛችሁበት ሰው ቢኖር እኩሌታውን ለእርሱ ክፈሉ። ቄጠማው በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፤ ልጁ ያደረሰው ሰላም ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የሰላም አምላክ ለሚመጣው ጸደይ በጤና ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።