ሹመት ያለ ሥልጣን፦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ዋና ተቆጣጣሪ



የከተማን ፖሊስ የሚቆጣጠር ሹም ሲታጭ ክርክሩ ዘወትር የሚያተኩረው በተሿሚው ዕውቀትና ጠባይ ላይ ነው። ይህ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ብቻውን ግን እንደማይበቃ የሎስ አንጀለስ ታሪክ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በማርች 1991 ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ አንድ የአካባቢው ነዋሪ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ። በዋረን ክሪስቶፈር የተመራው ኮሚሽን በዚያው ዓመት ባቀረበው ዘገባ፣ በሕዝብ አቤቱታ ላይ ፖሊስ የሚያካሂደውን ምርመራ የሚከታተል ዋና ተቆጣጣሪ እንዲቋቋም አሳሰበ። መራጩ ሕዝብ ሐሳቡን ያጸደቀው በ1995 ነበር፤ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው።

በ1996 የመጀመሪያዋ ዋና ተቆጣጣሪ የሆኑት ካትሪን ሜደር በተከላካይ ጠበቃነትም በዐቃቤ ሕግነትም የሠሩ፣ የችሎቱን ሁለት ወገን የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ። ብቃት አላነሳቸውም። ያነሳቸው ሥልጣን ነበር። የትኛውን መዝገብ ሊመለከቱ፣ ዘገባቸውን ለማን ሊያቀርቡ እንደሚችሉ በጥርት ያለ ድንጋጌ ስላልተወሰነ፣ ከበላያቸው ከተቀመጠው የፖሊስ ኮሚሽነሮች ቦርድ ጋር ሲወዛገቡ ቆይተው በ1998 ሥራቸውን ለቀቁ።

በተከታዩ ዓመት ሕዝቡ ያጸደቀው አዲስ የከተማ ቻርተር ክፍተቱን በከፊል ደፈነው። ዋና ተቆጣጣሪው ቦርዱ የሚያገኘውን መረጃ ሁሉ እንዲያገኝ፣ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይጠይቅም ምርመራ እንዲጀምር ተፈቀደለት። ይሁንና ቦርዱ በድምፅ ብልጫ ምርመራውን ሊያግድ የሚችልበት አንቀጽ በዚያው ቻርተር ውስጥ ተቀምጧል።