አሳዳሪውን የቀበረ መዥገር



በበሬ ጆሮ ተጣብቆ የምናየው መዥገር ዘሩ እጅግ ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በበርማ ከተገኘ፣ እንደ ደንጊያ ከጠነከረ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ከላባ ጋር ተያይዞ የቀረ መዥገር ማግኘታቸውን ገለጹ። ዕድሜው 99 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ላባውም ከዳይኖሰሮች ወገን ነው።

ጥገኛ ተባይ ትንሽ ስለ ሆነ ቅሪቱ እምብዛም አይገኝም፤ ከአሳዳሪው ጋር መገኘቱማ ብርቅ ነው።

ታላላቆቹ ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ። የመዥገር ዘር ግን በሌሎች እንስሳት ደም እየኖረ ከእኛ ዘመን ደረሰ። እንግዲህ ከብቶቻችንን ስንጠብቅ የምንታገለው፣ አሳዳሪው ቢጠፋ ሌላ ቤት የሚያገኝ ጠላት መሆኑን እንወቅ፤ ትንሽ ነው ብለንም አንናቀው።