ብስክሌትና የፈረስ መንገድ በሃረና



ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይደርሳል። ከዚያም ቁልቁል ወርዶ፣ ሪራን አልፎ፣ የሃረናን ደን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና ይዘልቃል። ብስክሌተኛ ሁሉ የሚመኘው መንገድ ነው፤ ከተሽከርካሪ ግን ነጻ አይደለም። አውቶቡስና የጭነት መኪና ይመላለሱበታል፤ ቀይ ቀበሮም ተገጭቶ ሞቶበታል።

ታዲያ መኪና የማይደርስበት መንገድ ከወዴት ይገኛል? አዲስ መጥረግ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በደን ውስጥ ሰፊ መንገድ ሲከፈት ከብስክሌቱ ቀድሞ የሚገባው መጥረቢያ ነው። በሃረና ግን የጫካ ቡናና ማር በፈረስ የሚጫንባቸው ቀጫጭን መንገዶች ቀድሞም አሉ።

እነዚህ መንገዶች ባለቤት አላቸው። እንስራ ተሸክማ የምትመለስ እናት፣ ከብቱን ወደ ሆራ የሚነዳ እረኛ፣ የተጫነ ፈረስ የሚስብ ገበያተኛ ከእንግዳው ይቀድማሉ። ብስክሌተኛው ወርዶ ያሳልፋቸው። በዝናብ ወራት ደግሞ ጎማ ያረሰውን ዱካ ጎርፍ ቦይ ያደርገዋልና ጉዞው በበጋ ይወሰን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚ መምጣቱ አይቀርም። የትኛው ዱካ ይከፈት፣ የትኛውስ ይቆይ የሚለውን ግን ካርታ ከመሣላችን በፊት በዱካው የሚመላለሰውን ሕዝብ እንጠይቅ። ለምርምራችሁም የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን።