«ማታ የት ያድራሉ?»
(ጎባ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የኤች አይ ቪን መተላለፊያ መንገዶች ደጋግማችሁ ሰምታችኋልና ዛሬ እሱን ልተወው። አንዱ ታማሚ የሚያገኘውን ሕክምና ሌላው ለምን እንደሚያጣ፣ በዚህ መሃል ነርስ ምን ማድረግ እንደምትችል ላውራችሁ።

በጥር 1988 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ አንድ ጉድ ወጣ። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ስጋት በምስጢር ይጣል እንደነበር ማሪቭ የተባለው ጋዜጣ አጋለጠ። የታየው የሰውየው ውጤት ሳይሆን የመጣበት ወገን ነበር። ሺዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። አድሎና መገለል የሚሉትን ቃላት ሶሺዮሎጂ ስማር ሸምድጃቸዋለሁ፤ አጥንቴ ውስጥ የገቡት ግን ይሄን ሳነብ ነው።

እኛ ጋስ? «እዚህ እንዲህ ያለ የለም» ለማለት አትቸኩሉ። እኛ ጋ ልዩነቱ በርቀት፣ በቋንቋና በኪስ በኩል ይገባል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ነፃ ይባል እንጂ ከደሎ መና ጎባ ሆስፒታል ለሚመጣ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሳነቴ ብርድ፣ የመኪናና የማደሪያ ወጪ ነበረበት። ሐኪሙም ጥቂት ነው። ታዲያ ክፍተቱን ማን አጠበበው? ነርሶች ሠልጥነው መድኃኒቱን በየጤና ጣቢያው ማስጀመርና መከታተል ሲችሉ ነው መንገዱ ያጠረው።

በሥራዬ ካየኋቸው ነርሶች አንዷን አልረሳትም። ከሐረና በኩል የመጡ አባት ቀጠሮ አሳለፉ ተብለው በአማርኛ ሲወቀሱ ዝም ብለዋል። እሷ ወንበሯን አስጠግታ «አካም ጅርቱ፣ አባ?» አለቻቸው። ከዚያ በዚያው በኦሮምኛ፣ «ማታ የት ያድራሉ?» ለካስ ሰውየው የሚቀሩት ማደሪያ ስለሌላቸው ኖሯል! መኪና የሚያገኙበትን ቀን ጠይቃ ቀጠሮውን በዚያ አደረገችላቸው። (ወቃሹንም ብዙ አልፈርድበትም፤ ሰልፉ በር ድረስ ነበር።)

ነርሲንግን «ውጤት ስላነሰኝ ነው» የሚባልበት ሙያ አድርጋችሁ አትዩት እንጂ። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጤና ትምህርት እኮ እዚሁ ጎባ ነው። አማርኛ ብቻ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የምትችሉ ካላችሁ፣ ሁለተኛውን ከጎናችሁ ከተቀመጠው ልጅ ዛሬውኑ ጀምሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ማፈር ለያዘው በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ይቻላል።