ከሦስት ጉልቻ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ስለ ኃይል ምንጭ መለወጥ ነው። ይህ ነገር በራዲዮና በጋዜጣ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሌላው ዓለም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ፥ በቻይናና በሕንድ አገር ሊቃውንቱ የሚጨነቁት የድንጋይ ከሰልንና ነዳጅ ዘይትን ትቶ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ኃይል እንዴት መሻገር እንደሚቻል ነው። በኛ አገር ግን ትልቁ ጭስ የሚወጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከእናቶቻችን ወጥ ቤት ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር ጥያቄ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ የራሳችንን ጥያቄ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

ታዳሽ ኃይል የሚባለው ዛሬ ብንወስደው ነገ ተፈጥሮ የሚመልስልን ኃይል ነው። ወራጅ ውሃ፥ ነፋስ፥ የፀሐይ ብርሃን፥ ከምድር ሆድ የሚወጣ ትኩስ እንፋሎት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። «እንጨትስ ቢቈረጥ መልሶ ይበቅል የለም ወይ? እንግዲያስ እኛ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ በታዳሽ ኃይል ስንጠቀም ኖረናል» የሚል ሰው አይጠፋም። አነጋገሩ ጥቂት እውነት አለበት። ነገር ግን እንጨት ታዳሽ የሚሆነው የሚበቅለው ከሚቈረጠው ሲበልጥ ወይም ሲተካከል ብቻ ነው።

ይህንን ለማስረዳት የገዛ ታሪካችን ይበቃል። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ብዙ ሳይቈይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ፥ ሲቈርጡትም ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ የማገዶውን ችግር አቃለለው። እንዲህ ከሆነ ያ ዘመን ራሱ አንድ የኃይል ምንጭ ለውጥ የተደረገበት ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ባሕር ዛፉም ብቻውን አልበቃም፤ ሴቶችም ከእንጦጦ ተራራ የማገዶ ሸክም ተሸክመው መውረዳቸው ብዙ ዘመን ዘልቋል።

እስከ ዛሬም ድረስ በመላ አገራችን ከሚፈጀው ኃይል ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው የሚገኘው ከእንጨት፥ ከከሰል፥ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። የዚህም ዋጋ በገበያ ከሚከፈለው ገንዘብ ይበልጣል። እርሻውን ማዳበር የሚገባው ኩበት በምድጃ ውስጥ ዐመድ ሆኖ ይቀራል። ትምህርቷን ማጥናት የሚገባት ልጅ ጊዜዋን ማገዶ ስትለቅም ታሳልፋለች። ጭሱም የሚያስለቅሰው ዓይንን ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ውስጥ ብዙ ሕፃናት ነበሩበት።

አሁን ደግሞ ወደሚያስደስተው ነገር ልለፍ። አገራችን በውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከአባ ሳሙኤል ቀጥሎ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 43 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊንጫ፥ ተከዜ፥ ጣና በለስና የጊቤ ግድቦች በየተራ ተሠሩ። ከነዚህም አንዱ በኦሞ ወንዝ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት ሲሆን፥ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከሁሉም የሚበልጠው በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ስለ ሆነ ከቆቃ 120 እጥፍ ያህል ይሆናል።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆችና መምህራን ብዙዎቻችሁ ለዚህ ግድብ ከደመወዛችሁ ከፍላችኋል፥ ቦንድ ገዝታችኋል። ግብር ከፋዩ ገበሬ፥ በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት የምትደክመው እኅታችን፥ ጫማ የሚያስውበው ልጅ ሳይቀር አዋጥቷል። ስለዚህ አንድ ነገር መጠየቅ የሁላችንም መብት ይመስለኛል፤ ይኸውም ያቺ ገንዘቧን ያዋጣች እናት እንጀራዋን የምትጋግረው ዛሬ በምንድር ነው? የሚለው ነው። መልሱ በብዙው ስፍራ፥ ዛሬም በእንጨት ነው፤ የሚል ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አባቶቻችን። የኃይል ምንጩ ከወንዝ መገኘቱ ብቻ የእናቶቻችንን ሕይወት አያጣፍጥም። በግድቡና በምጣዱ መካከል ረጅም መንገድ አለ፤ እንደኔ አስተያየት የዘመናችን ትልቁ ሥራ ያለው በዚህ መንገድ ላይ ነው። በመንገዱም ላይ ያሉትን ችግሮች በየተራ ልዘርዝር።

አንደኛው ችግር የሽቦው ነገር ነው። ከሕዝባችን ወደ እኩሌታው የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። አገራችን ተራራና ሸለቆ የበዛባት፥ ገበሬውም ተበታትኖ የሚኖርባት ስለ ሆነች፥ ለጥቂት ቤቶች ብዙ ምሰሶ መትከል፥ ብዙ ሽቦ መዘርጋት፥ ትራንስፎርመር ማቆም ያስፈልጋል። ሽቦው በራሱ ላይ ባለፈበት መንደር ኩራዝ የሚያበራ ሰው መኖሩም የታወቀ ነው፤ ከፍተኛውን ኃይል ዝቅ አድርጎ ወደ ቤት ለማስገባት ሌላ ወጪ ያሻልና።

ሁለተኛው ችግር የምጣዱ ነገር ነው። መብራት የገባለት ቤት ሁሉ በመብራት ይጋግራል ማለት አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም 10 ዋት የሚስቡ ከ300 በላይ አምፑሎች በአንድ ጊዜ ቢበሩ የሚወስዱት ኃይል ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ይዤ አንድ ስሌት ሠርቼአለሁ። የሕዳሴው ግድብ ሙሉ ኃይሉ፥ ማለት 5,150,000 ኪሎ ዋት፥ አንዳች ሳይባክን ለምጣድ ብቻ ቢሰጥና እያንዳንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢስብ፥ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 1,470,000 ያህል ምጣድ ነው። የሕዝባችን ቍጥር ከ100 ሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ፥ ቤተሰቡን በአምስት በአምስት ሰው ብንቈጥረው ከ20 ሚሊዮን በላይ ምድጃ ይኖራል። እርግጥ ነው፥ እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ምጣድ አይጥድም፤ ሌሎችም ግድቦች አሉን። ቢሆንም በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ለምን እንደሚቃጠል ይህ ስሌት ይገልጽልናል። ከዚህም በላይ ምጣዱን ለመግዛት አንድ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለድኻ ቤት ከባድ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ማገዶ በየጕያው የሚለቀምበት አገር ሴቲቱ ኤሌክትሪኩን ትታ ወደ ጉልቻዋ ብትመለስ ልንወቅሳት አይገባም።

ሦስተኛው ችግር የዝናብ ነገር ነው። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲዘጋ መብራቱም ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጊቤ ሦስት ግድብ ያለው ውሃ ስላነሰ መብራት በፈረቃ እንዲታደል የሆነበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያም በፊት በ2001 ዓ.ም. እንዲሁ ያለ እጥረት ደርሶ ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ ነፋስና ፀሐይን ከውሃው ጋር ማጣመር ነው። በአገራችን ወንዙ በሚጐድልበት በበጋ ወራት ነፋሱ ይበረታል፤ በክረምት ደግሞ ነፋሱ ሲደክም ወንዙ ይሞላል። ተፈጥሮ ራሷ ፈረቃ ያወጣችልን ይመስላል። በመቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያ 120 ሜጋ ዋት፥ በአዳማ ያሉት ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ሆነው መሠራታቸው የሚያስመሰግን ሲሆን፥ ከውሃው ብዛት ጋር ሲመዛዘን ግን ገና ጥቂት ነው። በላንጋኖ አቅራቢያ በአሉቶ የተጀመረው የምድር እንፋሎትም እንዲሁ ገና በጅምር ላይ ነው።

አራተኛው ችግር ብዙ ሰው ልብ የማይለው የደለል ነገር ነው። ዛፉ የተመነጠረበት ተራራ ዝናብ ሲመታው አፈሩን ወደ ወንዝ ይሰዳል፤ ወንዙም አፈሩን በግድቡ ሆድ ውስጥ ያራግፈዋል። የቆቃ ሐይቅ በዚህ ምክንያት ውሃ የሚይዝበት ስፍራ ብዙ ጠቦበታል። እንግዲህ የማገዶውና የግድቡ ነገር አንድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በተራራው ላይ ለጉልቻ የተቈረጠው ዛፍ በቈላ ያለውን ግድብ ያሳጥረዋል። ግድብ ሠርተን እንጨት መቍረጡን ካልተውን በአንድ እጃችን የሰበሰብነውን በሌላው እጃችን እንበትነዋለን።

አምስተኛው የፍትሕ ነገር ነው። ወንዝ የሚፈስሰው በሰው አገርና በሰው መንደር መካከል ነው። በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎርፉ ሲመለስ በሚተወው ርጥበት ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ጎርፉን ሲያስቀር ኑሯቸው ተናውጧል። የዓባይን ነገር ከሱዳንና ከግብፅ ጋር ሲያነጋግር መኖሩንም እናውቃለን። ዓባይን የማልማት መብታችን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የኛ ብርሃን ለሌላው ጨለማ እንዳይሆን በትዕግሥት መነጋገር ለሠለጠነ ሕዝብ የሚገባ ነው።

ስለ ነዳጅ ባጭሩ ልናገር። ቤንዚንና ናፍጣን የምናስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ፥ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ አድርጓል። ይህ ደፋር ውሳኔ ነው። ሆኖም መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ምድጃ የሌለው ቤት ግን የለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ችግሩን ቈጥሮ መቀመጥ ሥራ አይሆንም። ሽቦው እስኪደርስ ድረስ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ እኩሌታው ድረስ ይቈጥባል፤ የሚሠራውም በየአገሩ በሚገኝ አሸዋና ሲሚንቶ ነው። ላም ያለው ገበሬ ከእበት ጋዝ አውጥቶ ሊያበስልበት ይችላል፤ ዝቃጩም ለእርሻው ማዳበሪያ ይሆንለታል። ሽቦ በማይደርስበት መንደር ትንሽ የፀሐይ መብራት የላምባውን ኩራዝ ትተካለች። ሽቦው በደረሰበት ደግሞ የምጣዱ ዋጋ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል፥ ሰፈሩም የሚጋግርበትን ሰዓት እየተከፋፈለ እንዲሠራ ቢደረግ ትልቅ እርዳታ ነው። እነዚህ ሁሉ መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን አናጢ፥ ግንበኛ፥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና አስተማሪ ይሻሉ። ከኛ መካከል መሐንዲስ የሚሆን ጥቂት ነው፤ ከነዚህ አንዱን ለመሆን የማይችል ግን የለም።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለዲሬክተራችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። የኛም ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እስከ ዛሬ በእንጨት ይሠራል። የሳይንስ ክበብ አባሎች ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ የሚገባውን እንጨት በሚዛን እየመዘኑ፥ ዋጋውንም እየጻፉ እንዲይዙ ይፈቀድ። ከዚያም ምድጃው በተሻለ ዓይነት ቢለወጥ፥ ወይም ከምጣዶቹ አንዱ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር ምን ያህል እንደሚተርፍ በሒሳብ ይታይ። ውጤቱ ደኅናም ይሁን ደካማ፥ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ይታተም። ሒሳቡን ተማሪዎቹ ከሠሩት፥ ወላጆችም ካነበቡት፥ ነገሩ ከትምህርት ቤታችን አጥር አልፎ ወደየቤታችን መግባቱ አይቀርም። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህንን ስንሠራ አንገኝም፤ ስለዚህ ለታናናሾቻችን አደራ ብለን እንተወዋለን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ ገንዘባችሁን አዋጥታችሁ ወንዙን ገደባችሁ። ከወንዙ እስከ ምጣዱ ያለውን መንገድ መሥራት የኛ የልጆቻችሁ ድርሻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማራችሁን ይህን ለመሰለ ሥራ መሆኑን ተረድተን በርትተን እንድንሠራ እግዚአብሔር ይርዳን።