ስለ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞና ስለ እንቅልፍ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ በእንቅልፍ ላይ ስለሚያደርሰው መዛባት ነው። ፈረንጆች «ጄት ላግ» ይሉታል። «ይሄ የሀብታም ችግር ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጥነው መካከል አሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም ያለው ብዙ ነው። እናቶቻችን ልጃቸው ስትወልድ አራስ ሊጠይቁ፣ ገንፎ ሊያገነፉ ይሄዳሉ። እዚያ ደርሰው ሌሊቱን ሲንጎራደዱ ያድራሉ፣ ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ። ልጆቹም «እማዬን ምን ነካት? ታማ ይሆን?» እያሉ ይጨነቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደሚርበን የሚወስነው እሱ ነው። የዚህን ሰዓት አሠራር የመረመሩት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ሰውነት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከመጋቢት መባቻ ግድም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግድም ደግሞ በ7 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 8 ሲሆን፣ እዚህ ቀትር 6 ሰዓት ላይ እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰውነት እስኪለምድ አንድ ሳምንት ያህል ቢፈጅ አይግረማችሁ። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ኩዌት የሚሄዱ ልጆቻችን ግን ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይም በ1 ሰዓት ብቻ ትቀድመናለች። እነሱን የሚጥላቸው የመንገድ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነው እንጂ የሰዓት መዛባት አይደለም።

አውሮፕላን ውስጥ ምን እናድርግ? «አየሩ ይሳሳል» ብለው የሚፈሩ አሉ። የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ቢሳሳ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆንብን ድርቀቱ ነውና ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይገባል። መጠጥ ያስተኛል ቢባልም እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ መዋል እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ስለሚችል ተነስቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው ይያዙ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሰዓቱ ሲለወጥ መቼና ምን ያህል እንደሚወጋ ሳይሄድ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዋሽንግተን የደረሰ ሰው ከሰዓት በኋላውን ደጅ፣ ብርሃን ላይ ይዋል። እንቅልፍ ካሸነፈው ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ማታ 3 ሰዓት ግድም ይተኛ። ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ቢነቃም መብራት አያብራ፣ ስልክም አይነካካ፤ ጨለማው ውስጥ ጋደም ብሎ ይቆይ። ቡናውንም ከቀትር በፊት ይጨርስ።

መመለሱ ይብሳል። የብዙ ሰው የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም፣ ቀን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ አይበጀውም፤ ሰውነቱ ገና ሌሊት ላይ ነውና ሰዓቱን ይባስ ወደ ኋላ ይጎትትበታል። እስከ 7 ሰዓት ግድም ቤት ውስጥ ይቆይና ከዚያ በኋላ ፀሐይ ይሙቅ። በየቀኑም አንድ አንድ ሰዓት እያስቀደመ ይውጣ።

ወገኖቼ፣ የእኛም የጎረቤቶች ድርሻ አለ። እንግዳ መጣ ሲባል በዚያው ጠዋት ቤቱን እንሞላለን፤ ሦስተኛ ቡና ሳይጠጣ መነሳት የለም፣ ጨዋታው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ፍቅር ነው፣ አይካድም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ቀን እናሳርፈው። ከሰዓት በኋላ ሄደን «እንኳን ደህና ገባህ» እንበለውና በእግር ይዘነው እንዞር። በዚያ ቀን መኪና እንዳይነዳ አጥብቀን እንከልክል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሪ ላይ ሆኖ ሊያሸልብ ይችላል።

ለለቅሶ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ገብቶ በማለዳ መርዶ ይረዳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ይውላል። አንድ ሰው አጠገቡ ይመደብለት፣ እህል ውሃ ይቅመስ፣ ጥቂት ሰዓት ጋደም የሚልበት ጓዳ ይዘጋጅለት። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

ስልክ ስትደውሉም ሰዓቱን አስቡ። እዚህ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ልጃችሁ ገና ተኝታ ነው፤ ሌሊት በተደወለ ስልክ ስንቱ ደንግጦ ተነስቷል!